ሰፈር፣ ግስ

ሰኞ ነው፣ ባቲ ላይ፣ ገበያው ደርቷል፤
የግመል ማጉረምረም በመስኮት ይገባል።
እኔ ከሰሌዳው ጠመኔ ይዣለሁ፤
«ሰፈር» የሚል ቃል በፈረንጅ ፊደል ጽፌ ቆሜያለሁ።

«ማን ያውቃል ፍቺውን?»
ጦይባ እጇን አወጣች፤
ሳልጠራት ተነሥታ፣
«የምንኖርበት ነው፣ ቲቸር» ብላ አለች፣
«የኛ ሰፈር፣ ለምሳሌ፣ ከወፍጮው በታች።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ፈገግ አልሁ፤
እንዲህ ያለ ስሕተት በየዓመቱ አያለሁ።
ጀርባው የተገነጠለ መዝገበ ቃላቴን
ከፍቼ አነበብሁ፣ እየላስሁ ጣቴን።

አንደኛ፦ ተሠቃየ፤ ታመመ፤ አሳር በላ።
(ቀን ጎደለበት፣ ብዬ ጨመርሁ ከኋላ።)
ሁለተኛ፦ ተጎዳ፤
እንደ ማሽላችን፣ ዝናብ እንደራቀው፣
እንደ ገበያችን፣ ብር እንደናቀው።
ሦስተኛ፦ ቻለ።

እዚህ ላይ ቆም አልሁ። በኛስ ቋንቋ ቢሆን
«ቻለ» ማለት ምንድን? አቅም አለው መሆን?
ወይስ መሸከም ነው፣ ትንፍሽ ሳይሉ?
«እሷ ቻይ ናት» ይላል አገሩ እናቴን በሙሉ፤
ምኑን እንደቻለች ማንም አልነገረኝ፣ እኔም አልጠየቅሁ፤
ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንድ ጣራ ሥር ኖሬ፣ እሱን እንኳ አላወቅሁ።

አራተኛ፣ አሮጌ፣ ዛሬ የማይሠራበት፦
ፈቀደ፤ ይለፍ አለ፤ ተወለት።

አንድ ቃል ሥቃይንም ፈቃድንም ለምን እንደያዘ
ላስረዳ ስጀምር ምላሴ ተያዘ፤
በመስኮቱ በኩል ዱላውን አስጠግቶ
ዘበኛው ጋሽ ሙሄ ያየናል፣ ደወሉን ረስቶ።

«እስቲ ያንን ቃል ድገመው፣ መምህር።»
«ሰፈር።»
«ድገመው።»
«ሰፈር።»

«ወላሂ እሷው ነች። በሰባ ሰባት ነው።
እዚያ ጋ፣ ዛሬ የከብት ተራ በሆነው፣
ድንኳን ነበረ።
የሰው ተራ ነበረ።

ሁለቱን ቀብሬ፣ አንዷን ታቅፌ ተቀምጫለሁ፤
ጠጉሯ የበቆሎ ጭራ የመሰለ ፈረንጅ አያለሁ።
መጥታ አጎነበሰች፤ ምን እንዳለች እንጃ።
እኔ በጣቴ ሽቅብ፣ ወደ መጣሁበት ተራራ፣
ʻሰፈርʼ አልኋት። ʻሰፈር።ʼ መልሱኝ ማለቴ ነበር፤
መሞቴም ካልቀረ ከአባቶቼ መቃብር።

ዓይኗ እንባ ሞላ። ʻየስ፣ ሰፈርʼ አለች፣ ራሷን ነቀነቀች፤
ሮጣ ሄዳ ብርድ ልብስና ወተት አመጣች።
እኔም፣ ይች ሴት አገሬን ታውቀዋለች አልሁ፤
አንድ ቀን ሽቅብ ወጥታ፣ ደጄን አይታ ይሆናል አልሁ።
ስንት ዘመን በዱአዬ፣ ስሟን ሳላውቅ ስጠራት፣
ʻያችን፣ ሰፈሬን የምታውቀውንʼ እያልሁ ስመርቃት።

በማግሥቱ ደግሞ ካድሬው መጣ፣ መዝገብ ይዞ፤
ለሱም ያንኑ አልሁት። ሰማሁ አለ።
ለሰፈራ ጻፈኝ፣ ፈቃደኛ ብሎ፣ እስክሪብቶውን መዝዞ።
ሳምንት ሳይሞላኝ መተከል ነበርሁ፤
የመንደሩ ስም ቁጥር ነው፣ እኔም በቁጥር ተጠራሁ።
በግሬ እስክመለስ ድረስ።»

ይህን ብሎ ከመስኮቱ ደፍ ላይ አቧራ በጣቱ ጠረገ፤
ማንን እንደሚያይ አላወቀም። ከኋላ ወንበር አንዱ ሳቅ ሊል ፈለገ፣
ተወው።

«ልጅቱስ?» አለች ጦይባ።

ጋሽ ሙሄ ነጠላውን አስተካከለ።
«አብሽሪ» አላት።
«ወተቱ ትኩስ ነበር።»

ከዚያም ሄዶ፣ ከግራሩ የተንጠለጠለውን የመኪና ቸርኬ
በብረት መታው፣
ከሰዓቱ ሩብ ያህል ዘግይቶ።